ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣ እንግዳ፦ የጤና ጣቢያው በርና የዜግነት በር

«የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ለቆመ መንገደኛ በሩን የሚዘጋ ቤት በገጠራችን ጥቂት ነው። እግሩ ይታጠባል፤ እራት ይቀርብለታል፤ መኝታ ይነጠፍለታል። ታሞ ቢያድርም ጎረቤት ሳይቀር ተጠርቶ ይጨነቅለታል። ያ እንግዳ ግን በማግሥቱ የርስት ድርሻ አይጠይቅም። ባለቤቱም «ነገ ርስት ይጠይቀኝ ይሆናል» በሚል ሥጋት እራት አይከለክለውም። ማስተናገድ ሌላ፣ ባለርስት ማድረግ ሌላ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

ከጦርነት ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ የውጭ ዜጎችን የሚመለከተው ሕጋችንም በዚሁ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። አንደኛው በር የሕክምና፣ ሁለተኛው የዜግነት ነው። የመጀመሪያው በር በሰፊው ተከፍቷል፤ ሁለተኛው ግን በጥንቃቄና በቅድመ ሁኔታ የሚከፈት ነው። በጠረፍ ወረዳዎች የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሁለቱ በሮች እንደ አንድ በር ሲታዩ ነው። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ክፍተቱም የት ላይ እንደሆነ ለይቶ ማየት ይገባል።

ከገላባት ወዲህ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን መከላከያ ኃይልና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በካርቱም የተጀመረው ውጊያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከእነዚህ መካከል ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አንዱ የገቡበት በር ከገላባት ፊት ለፊት የምትገኘው መተማ ዮሐንስ ናት። የመጡት ሱዳናውያን ብቻ አልነበሩም። ለዓመታት በሱዳን ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በሱዳን ተጠልለው የነበሩ የሌሎች አገሮች ስደተኞችም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰድደው ድንበሩን ተሻግረዋል።

የተቀበለቻቸው አገርም ሰላሟ የተሟላ አልነበረም። የአማራ ክልል ከሰሜኑ ጦርነት ሳያገግም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሌላ የጸጥታ ችግር ውስጥ ገብቷል። በጦርነቱ በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋል። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ ስደተኞችም በ2016 ዓ.ም. በጸጥታ ሥጋት የተነሣ ከመጠለያ ወጥተው በመንገድ ዳር እስከ መቆየት ደርሰው ነበር። በኋላም በአፍጥጥ አዲስ መጠለያ ተዘጋጅቶ ወደዚያ እንዲዛወሩ ተደርጓል። እንግዳውም ባለቤቱም በአንድ ችግር ውስጥ የሚገኙበት ሁኔታ ነው። ኢትዮጵያ በአጠቃላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው።

ሕጉ ስለ ሕክምና ምን ይላል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውን የስደተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም የስደተኞችን ጉዳይ የሚመለከተውን የራሱን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ ነበር። እነዚህ ስምምነቶች በአገር ውስጥ ሕግ የተብራሩት በመጀመሪያ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲሆን፣ እርሱን የተካው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ነው።

ይህ አዋጅ በስደተኝነት የታወቀም ሆነ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ ባለው የጤና አገልግሎት የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ መብቱ ጥያቄውን ላቀረበ ሰው ሁሉ እንጂ ውሳኔ ላገኘ ብቻ አለመሆኑ ነው። ምጥ የያዛት እናት የጥገኝነት ማመልከቻዋ እስኪመረመር ልትጠብቅ አትችልምና። ሁለተኛው፣ ሕጉ የሚናገረው ስላለው አገልግሎት መሆኑ ነው። ለስደተኛው የተለየና የተሻለ ሆስፒታል አልተዘጋጀለትም፤ የተፈቀደለት ነዋሪው በሚቆምበት ሰልፍ አብሮ መቆም ነው።

በተግባር የመጀመሪያው ሕክምና የሚሰጠው በመጠለያ ውስጥ ባሉ ክሊኒኮች ነው። እነዚህን የሚያስተባብሩት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና አጋር የረድኤት ድርጅቶች ናቸው። ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሕመም ወደ መንግሥት ሆስፒታል፣ ሲከፋም ወደ ጎንደር ይላካል። በጤና ጣቢያ ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች፣ ማለትም ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች.አይ.ቪ ሕክምና ለእነርሱም አይከለከሉም።

ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለጉብኝት በቪዛና በመኖሪያ ፈቃድ የገባ የውጭ ዜጋ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የሚታከመው እየከፈለ ነው። የስደተኛው መብት የሚመነጨው የውጭ ዜጋ ከመሆኑ ሳይሆን የሚመለስበት ሰላም ከማጣቱ ነው።

በሽታ ፓስፖርት አይጠይቅም

«ለእኛ ያልበቃ መድኃኒት ለእንግዳ ለምን ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠን የራሳችን ታሪክ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ብዙ ሰዎች በማያቋርጥ ትኩሳት እየከሱና ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ጀመር። ሕመሙ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ሲመረመር ግን ከዚያ በፊት በደጋማው አካባቢ ያልተለመደው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ዋና መናኸሪያው በመተማና በሁመራ ቆላ፣ ከድንበሩ ማዶም በሱዳን የገዳሪፍ ሜዳ ነው። ወደ ሊቦ ከምከም ያደረሱት የሰሊጥና የማሽላ አዝመራ ለመሰብሰብ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል።

በሽታውን ያመጣው የውጭ ዜጋ አልነበረም፤ የራሳችን ልጅ ነበር። ታሞ ሲመለስ በቶሎ ባለመታወቁና ባለመታከሙ ግን ዋጋውን መንደሩ ሁሉ ከፈለ። በአንድ ማሳ ዳር፣ በአንድ ግራር ጥላ ሥር የሚያድሩትን ኢትዮጵያዊና ሱዳናዊ የአሸዋ ዝንቧ አትለያቸውም። አንደኛው ታክሞ ሌላኛው ቢተው የታከመውም ከሥጋት አይድንም። ኮሌራም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በኩመር መጠለያ በተከሰተ ጊዜ ሕሙማኑን ለይቶ ማከምና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ስደተኛውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ነዋሪም የሚጠብቅ ሥራ ነበር። በኩፍኝ ያልተከተበ አንድ ሕፃን ለጎረቤት ሕፃናት ሁሉ ሥጋት መሆኑን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ስለዚህ የሕክምናው በር በሰፊው መከፈቱ ለእንግዳው የተደረገ ቸርነት ብቻ አይደለም። ባለቤቱ የራሱን ቤት የሚጠብቅበት መንገድም ነው።

ወጪው በማን መዝገብ ይያዝ?

የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ከዚህ ይከብዳል። አዋጁ መብቱን ሰጥቷል፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ግን የጤና ድንጋጌው በዝርዝር አይናገርም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትልቁን ሸክም የተሸከሙት ዓለም አቀፍ ለጋሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥትና ሌሎች ለጋሾች ዕርዳታቸውን ሲቀንሱ በመላው ዓለም የስደተኞች አገልግሎት ተዳክሟል። የመጠለያው ክሊኒክ መድኃኒት ሲያጣ ታማሚው የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ያ ጤና ጣቢያ ደግሞ በጀቱ የተመደበለት በወረዳው ሕዝብ ቁጥር ልክ ነው።

የአርሶ አደሩ ሥጋት እዚህ ላይ መሠረት አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር በክልላችን ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። ዛሬ አባወራው በየዓመቱ መዋጮውን የሚከፍለው በታመመ ጊዜ መድኃኒት አገኛለሁ ብሎ ነው። ከፍሎ ሄዶ «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ግዛ» ሲባል ቅር ይለዋል። ከፊቱ የቆመው ስደተኛ ከሆነ ቅሬታው ወደ ስደተኛው ይዞራል። እውነተኛው ጉድለት ግን የሰልፈኛው መብዛት አይደለም። የሰልፈኛው ቁጥር ሲጨምር የመድኃኒቱ መጠን አብሮ አለመጨመሩ ነው።

መፍትሔው በሩን መዝጋት ሳይሆን መዝገቡን መለየት ነው። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የታከመ ስደተኛ ለብቻው ተመዝግቦ ወጪው ለሚመለከተው አካል በየጊዜው ቢቀርብና ቢተካ፣ የመድኅኑ አባል መዋጮ ሳይነካ ይቆያል። ስደተኞችን በፋይዳ መታወቂያ የመመዝገቡ ሥራ መጀመሩ ለዚህ ያግዛል፤ ማን እንደታከመ በውል ካልታወቀ ማን መክፈል እንዳለበትም ሊታወቅ አይችልምና። በሕጋዊ መንገድ ሠርቶ ገቢ የሚያገኝ ስደተኛም እንደ ማንኛውም ነዋሪ መዋጮ እየከፈለ የሚታቀፍበት ሥርዓት ቢታሰብ ሸክሙ ይቀላል።

የዜግነት በር

ታክሞ የዳነ፣ ቤት ተከራይቶ የተቀመጠ፣ ልጅ የወለደ እንግዳ ኢትዮጵያዊ ሆነ ማለት ነው? ሕጉ «አይደለም፤ ሊሆን ግን ይችላል» ይላል።

የኢትዮጵያ ዜግነት በመሠረቱ በደም የሚገኝ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይደነግጋል። የውጭ አገር ዜጎችም ዜግነት ሊያገኙ እንደሚችሉ ይጨምራል። ዝርዝሩ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ተቀምጧል። የስደተኞች አዋጁም በበኩሉ መስፈርቱን የሚያሟላ ስደተኛ በዚሁ የዜግነት አዋጅ መሠረት ማመልከት እንደሚችል ይፈቅዳል። ለስደተኛ የተለየ አቋራጭ የለም፤ የተለየ ክልከላም የለም።

አመልካቹ አካለ መጠን የደረሰ መሆን አለበት። መደበኛ መኖሪያውን በኢትዮጵያ መሥርቶ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 4 ዓመት የኖረ፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል፣ በቂና ሕጋዊ የገቢ ምንጭ ያለው፣ መልካም ጠባይ ያለውና በወንጀል ተፈርዶበት የማያውቅ መሆን ይጠበቅበታል። የቀድሞ ዜግነቱን የለቀቀ ወይም መልቀቅ የሚችል፣ ወይም ዜግነት የሌለው መሆኑን ማስረዳት አለበት። በመጨረሻም የታማኝነት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንጂ ለቀበሌ ወይም ለወረዳ አይደለም።

ይህ መስፈርት ከቀድሞው ሲነጻጸር የላላ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ 5 ዓመት መኖርን፣ እንዲሁም አማርኛን አጥርቶ መናገርንና መጻፍን ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በአኙዋክኛ፣ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ የሚግባባ ሰው በቋንቋ ምክንያት አይመለስም።

ከመስፈርቶቹ ስደተኛውን የሚያስቸግረው የመጀመሪያው የመደበኛ መኖሪያ ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መደበኛ መኖሪያ ማለት አንድ ሰው በቋሚነት ለመኖር አስቦ የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማዕከል ያደረገው ቦታ ነው። በመጠለያ ውስጥ ሆኖ «ሰላም ሲሆን እመለሳለሁ» ብሎ የሚጠባበቅ ሰው 4 ዓመት ቢቆይም ይህን መስፈርት አሟልቷል ለማለት ያስቸግራል። ሁለተኛው ዜግነትን የመልቀቁ ጉዳይ ነው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶቹ በጦርነት ከተናጉበት አገር የመልቀቂያ ማስረጃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በሩ በሕግ ክፍት ቢሆንም ከመጠለያ ተነሥቶ በእርሱ ማለፍ ብዙ ውጣ ውረድ አለበት።

መሬትስ?

በጠረፍ ለሚኖር አርሶ አደር የዜግነት ጥያቄ መጨረሻው የመሬት ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን በነጻ የማግኘትና ከይዞታ ያለመነቀል መብት የሰጠው ለኢትዮጵያ አርሶ አደሮች ነው። ስደተኛው በአዋጁ መሠረት በግብርና ሥራ ሊሰማራ ይችላል፤ የሚታየው ግን ለውጭ ዜጎች በሚሰጠው የተሻለ አያያዝ ነው። በስደተኝነት መመዝገብ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ማውጣት ወይም ፋይዳ መያዝ የመሬት ይዞታ መብት አያስገኝም። ይህ ግልጽ ሆኖ በየቀበሌው ቢነገር አርሶ አደሩ የታመመን እንግዳ በጥርጣሬ የሚያይበት አንዱ ምክንያት ይወገዳል።

ልጆቹና ወረቀቱ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው እዚሁ የሚወለዱት ሕፃናት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ምድር መወለድ ብቻውን ኢትዮጵያዊ አያደርግም። በኢትዮጵያ ተጥሎ የተገኘና ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃን፣ የውጭ ዜጋ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ እንደ ኢትዮጵያዊ ይቆጠራል። ወላጆቹ የሚታወቁ የስደተኛ ልጅ ግን የወላጆቹን ዜግነት ይከተላል። የእነርሱ ልጅ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው ነገ ከሁለቱም አገር ያልሆነ ዜግነት አልባ ሊሆን ይችላል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1049 የተሻሻለውም አንዱ ለዚህ ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገሪቱ መዝገብ ይሰፍራል። የልደት ምስክር ወረቀት ኢትዮጵያዊነትን አይሰጥም፤ ሕፃኑ ማን እንደሆነ ግን ያስረዳል። ለክትባት፣ ለትምህርት ቤትና ወደ አገሩ ለመመለስም ያገለግለዋል።

እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ግን ያለ ምንም ማመልከቻ ኢትዮጵያዊ ነው። ከኢትዮጵያዊ ጋር የተጋባ የውጭ ዜጋም ጋብቻው 2 ዓመት ከሞላውና በኢትዮጵያ ቢያንስ 1 ዓመት ከኖረ ሌሎቹን ተፈላጊ ሁኔታዎች አሟልቶ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። በመተማና በአካባቢው ከሱዳናውያን ጋር ትዳር ለመሠረቱ ቤተሰቦች ጋብቻንና ልደትን በወቅቱ ማስመዝገብ የልጅን መብት ማስጠበቅ ነው። በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ጋብቻ የከበረ ቢሆንም በመዝገብ ካልሰፈረ ከዓመታት በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል።

ወረቀት ጥቅሙ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ አብረው በኖሩ፣ በተጋቡና በተዋለዱ ሰዎች ላይ «የማን ዜጋ ነህ?» የሚል ጥያቄ በድንገት ወድቆባቸው ነበር። ከሁለቱም ወገን ብዙዎች ተባርረዋል፤ ቤተሰብ ተበትኗል፤ ጉዳዩም እስከ ሔግ የካሣ ኮሚሽን ደርሷል። ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ዜግነት በሰላም ጊዜ፣ በሕግና በማስረጃ ሊወሰን የሚገባው እንጂ በጦርነት ግርግር የሚዳኝ አለመሆኑ ነው።

ነገ እኛም እንግዳ ነን

ከክልላችን ወጥተው በገዳሪፍ እርሻ የሠሩ፣ በካርቱም የኖሩ፣ ዛሬም በዓረብ አገሮች የሚደክሙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ብዙ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ታመው እንኳ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ የሚፈሩት «ወረቀትህ የት አለ?» መባልን ስለሚፈሩ ነው። ለልጃችን በሰው አገር የምንመኘውን ለሰው ልጅ በአገራችን መንፈግ አይገባም። ልጃችን በሄደበት ሁሉ የዚያ አገር ዜጋ እንዲሆን ባንጠብቅም ታሞ እንዳይጣል ግን እንሻለን። ሕጋችን ለእንግዳው ያደረገለት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የቀረው ሕጉ መሬት ላይ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ከመንግሥትና ከለጋሾች የሚጠበቀው የስደተኛውን ሕክምና ወጪ ለይቶ መያዝና ለጠረፍ ጤና ጣቢያዎች በሚያስተናግዱት ሰው ቁጥር ልክ መድኃኒት ማቅረብ ነው። ከወረዳና ከቀበሌ የሚጠበቀው ልደትና ጋብቻን ሳያጓትቱ መመዝገብ ነው። ነዋሪው ደግሞ በመንደሩ ትኩሳት የማይለቀው ሰው ሲያይ የማን አገር ሰው እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያሳውቅ ራሱንም ይጠቅማል። ወደ ቆላ ወርዶ የሚመለስ የአዝመራ ሠራተኛም ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወባ ነው ብሎ ሳይዘናጋ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቅ።

እንግዳው ሰላም ሲሆን ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወይም መስፈርቱን አሟልቶ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቤተኛ ይሆናል። ያን የሚወስነው ሕግና ጊዜ ነው። ሕመሙ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ዛሬ ማታ ደጅ ላይ ነው።